ቀይ ቀለም፤ ከጎንደር ብራና እስከ ኮምፒዩተር

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቈረቈሩ ወዲህ ከተማይቱና በዙሪያዋ ያሉት የወገራና የስሜን ደጋዎች ለረጅም ዘመን የመጻሕፍት አገር ሆነው ኖረዋል። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆና አስምሮ፣ ብርዑን ቀርጾ ለሥራ ሲቀመጥ ከፊቱ ሁለት ቀለም ነበረው፤ ጥቁርና ቀይ። ቀዩ ለጌጥ ብቻ የገባ አልነበረም። የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም፣ የምዕራፍ መነሻ፣ በመጽሐፈ ቅዳሴም ካህኑ፣ ዲያቆኑና ሕዝቡ ተራቸውን የሚያውቁባቸው አጫጭር ምልክቶች ብዙውን ጊዜ በቀይ ይጻፉ ነበር። አንባቢው ቃሉን ከማንበቡ አስቀድሞ ወገኑን በዓይኑ ይለይ ነበር ማለት ነው።

ጸሐፊው ጥቁሩን አስቀድሞ ጽፎ የቀዩን ስፍራ ባዶ የሚተውበት ጊዜም ነበር፤ ኋላ ተመልሶ ይሞላዋል። ስፍራው ሳይሞላ የቀረባቸው መጻሕፍት ዛሬም ይገኛሉ። ከዚህ መረዳት የሚቻለው መለየትና መቅለም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍትን በፊልም አኑሯል። ይሁን እንጂ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ ቀዩ ደብዝዞ ግራጫ ሆነ። ከዚህ ፊልም ፊደሉን ብቻ ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጥ ሰው የጸሐፊውን ልየታ ጥሎ ያልፋል።

በኮምፒዩተር ሙያም ይኸው ጥያቄ ተነሥቷል። ጌዎርግ ብራንድል እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው፣ የፕሮግራምን ጽሑፍ በቀለም የሚለየው ላይብረሪ «ፒግመንትስ» ይባላል፤ ስሙም «ቀለማት» ማለት ነው። ሌክሰር የተባለው ክፍል ጽሑፉን በተሰጠው ደንብ እየከፋፈለ ይህ ቁልፍ ቃል፣ ይህ ስም፣ ይህ ቍጥር ነው እያለ ወገን ይሰጣል። ቀለም የሚመርጠው ስታይል የተባለው ሌላው ክፍል ነው። ስለዚህ ስታይሉ ቢለወጥም ልየታው አይናወጥም።

ነገር ግን ልየታው ከደንቡ አይበልጥም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ የፓይተን ቋንቋም ከ2008 ጀምሮ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ይቀበላል። ሆኖም ለስም የተሰጠው ደንብ የላቲንን ፊደላት ብቻ የሚያውቅ ሌክሰር ይህን ስም ሲያገኝ «ስሕተት» ብሎ ይመድበዋል። በፒግመንትስ መደበኛ ስታይል ደግሞ ስሕተት በቀይ መስመር ይከበባል። በጎንደር የክብር ምልክት የነበረው ቀይ በዚህ ስፍራ የነቀፋ ምልክት ይሆናል። ኢንኮዲንጉም ዩቲኤፍ 8 መሆኑ ቀርቶ በላቲን ቢነበብ፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ወደ ሦስት ባዕድ ምልክቶች ይበታተናል።

ስለዚህ የብራናን ጽሑፍ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ ባለሙያ «ይህ ቀይ ነው» ብሎ ብቻ ሳይወሰን «ይህ የቅዱስ ስም ነው፣ ይህ የዲያቆን ተራ ነው» ብሎ ወገኑን ሊመዘግብ ይገባዋል። ለግዕዝ ፊደል የሚሆነውንም ደንብ ፊደሉን የሚያውቅ ሰው ሊጽፈው ይገባል። የጎንደር ጸሐፊ ብርዑን በቀይ ከማጥቀሱ በፊት የቃሉን ማንነት ያውቅ ነበርና።