ጋምቤላ በተጠነሰሰችበት ዓመት ፋሲካ መቼ ዋለ?

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር የሚወስን ውል ፈረሙ። በውሉ መሠረት በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ለሱዳን መንግሥት ተከራየ። የጋምቤላ ከተማ መነሻ ይኸው አንቀጽ ነው። ክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ቡናችንን ይጭኑ ነበር።

የሁለቱ ወገኖች ፋሲካ ግን በዚያ ዓመት አራት ሳምንት ተራራቀ። የእንግሊዞቹ መጋቢት 21፣ የእኛ ሚያዝያ 19 ዋለ። የእኛን በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የበዓላት ማውጫ ስሌት፣ እናውጣው።

ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 1894 ሲደመር 7394 ይሆናል። ይህን በ19 ስንገድፍ 3 ይቀራል፤ አንዱ ሲነሣለት ወንበር 2። ወንበር በ11 ሲባዛ አበቅቴ 22 ነው። በ19 ሲባዛ 38፣ ሠላሳው ሲገደፍ መጥቅዕ 8። መጥቅዕ ከ14 ስላነሰ በጥቅምት ይውላል። ጥቅምት 8 ዓርብ ነበር፤ የዓርብ ተውሳክ 2 ሲጨመር መባጃ ሐመር 10 ይሆናል። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲታከልበት 19 ይሆናል፤ መጥቅዕ በጥቅምት ስለዋለ ወሩ ሚያዝያ ነው፦ ሚያዝያ 19።

ልብ በሉ፤ በየደረጃው ሊቃውንቱ የሚይዙት ድርሻውን ሳይሆን ቀሪውን ነው። 19 የተመረጠው 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር ስለሚገጥሙ ነው። ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) በመሆኑና 28 የእርሱ ብዜት ስላልሆነም ከ28ቱ የፀሐይ ዑደት ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የለውም። ስለዚህ ሁለቱ ዳግም የሚገናኙት ከ19 ጊዜ 28፣ ማለትም ከ532 ዓመት በኋላ ነው። ዐቢይ ቀመር የሚባለው ይህ ነው። የጨረቃው ዑደት 14 ቢሆን ኖሮ በ28 ዓመት ሁሉም ይደገም ነበር።

ዛሬም ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮች የሚፈተኑት በቀሪ ነው። አምስት ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ 31 ይመጣል። ከ4 ተነሡ፤ በራሱ አባዙት፣ 2 ቀንሱ፣ በ31 ግደፉ፦ 14። ድገሙት፦ 8። አሁንም ድገሙት፦ 0። ከሁለቶቹ ብዛት በሁለት ባነሰ ዙር ዜሮ ከመጣ ቁጥሩ ብቸኛ ነው። ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካ በአውሮፓውያን 1876 የዚሁ ዓይነት ባለ 39 አኃዝ ቁጥር ብቸኛነት በእጅ ስሌት አረጋገጠ። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሉክ ዱራንት ያገኘው ደግሞ 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው አንድ የተቀነሰበት ነው፤ 41,024,320 አኃዞች አሉት።

ባሕረ ሐሳብን የቤተ ክህነት ጉዳይ ብቻ አድርጎ መተው ለእኔ ትልቅ ብክነት ነው። በጋምቤላም ሆነ በሌላው ክልል ብቸኛ ቁጥርን የምታስተምሩ መምህራን፣ የ1894ን ስሌትና የ31ን ፈተና ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ሥሩላቸው።