የእግር ዋጋ ስንት ነው? ከ1,000 ብር እስከ 31 ከብት

ወገኖቼ፣ ጁባም ጎሮምም ያላችሁ፣ አገር ቤት ሆናችሁ የምታነቡኝ ዘመዶቼም፣ የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችንን ልጠይቅ ጉደሌ ሄጄ ነበር። ቦዳ ቦዳ ገጭቶት እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። ሞተሩ መድን የለውም፣ ነጂው ገና ጎረምሳ ነው። የልጁ አጎት ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣና አልጋው አጠገብ ተቀምጦ በጁባ ዓረብኛ ይቅርታ ጠየቀ፤ ፖስታም አስቀመጠ። በፖስታው ያለው ገንዘብ ለሳምንት መድኃኒት እንኳ አይበቃም። ሰዎቹ ሲወጡ ወንድማችን፣ "አገር ቤት ቢሆን ስንት ይገባኝ ነበር?" አለኝ። አውቃለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ቤቴ ገብቼ ያነበብኩትንና የማስታውሰውን ሳገላብጥ አደርኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሌሊት ውጤት ነው።

ከድሮው ልጀምር። በአገራችን ነፍስ ያጠፋ ሰው ጉዳይ ከሁሉ በፊት የሟች ቤተሰብ ጉዳይ ነበር። ደም በደም ይመለስ ማለትም፣ የደም ካሳ ተቀብሎ መታረቅም የወገን ምርጫ ነበር። ገዳዩ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ይማጸናል፤ ሽማግሌ ይላካል፤ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ የሚወድቅም ነበር። ኦሮሞ ወገኖቻችን ጉማ ይሉታል፤ ሥርዓቱ ዛሬም በብዙ ቦታ ይሠራል። ካሳው ጉዳት ይከፍላል ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውን ግድያም ያስቀራል። ከፋይም ተቀባይም ግለሰብ ሳይሆን ወገን ነው።

አሁን ያለንበትን አገር ተመልከቱ። እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ እንደጻፈው፣ በኑዌሮች ዘንድ ሰው የገደለ የነብር ቆዳ የሚለብሰው አስታራቂ ቤት ገብቶ ይጠለላል፤ አስታራቂውም በሁለቱ ወገኖች መካከል እየተመላለሰ 40 እስከ 50 ከብት ያስከፍላል። የእኛ ገዳይ ደብር ገብቶ እንደሚማጸን ማለት ነው። በዲንካዎች ዘንድ በ1984 (እ.ኤ.አ.) የባሕር ኤል ጋዛል ልማዳዊ ሕግ በጽሑፍ ሲደነገግ የነፍስ ካሳ 31 ከብት ሆነ። ለአካል ጉዳትም የየራሱ ተመን አለ። ይህ ደግሞ ያለፈ ታሪክ አይደለም። የደቡብ ሱዳን የ2008 (እ.ኤ.አ.) የወንጀል ሕግ አንቀጽ 206 የሟች የቅርብ ዘመዶች ልማዳዊውን የደም ካሳ ከመረጡ፣ ፍርድ ቤቱ በሞት ቅጣት ፈንታ ካሳውን ከ10 ዓመት ከማይበልጥ እስራት ጋር ሊወስን እንደሚችል ይናገራል። ዘመናዊው ሕግ ከብቱን በረት ውስጥ ትቶት አልሄደም፤ ችሎት አስገባው።

እኛስ ምን አደረግን? በ1952 ዓ.ም. ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። ሕጉን የሚያጣጥሉ አሉ፤ እኔ ግን "ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት" የሚለውን ክፍል ሳነብ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት፣ መኪናውን ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት አደጋ ቢያደርስ እንኳ፣ ተጠያቂ ነው ይላል። አንቀጽ 2031 ማንም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ በቸልተኛ ሐኪም እጅ የተጎዳ ሰውም የሚይዘው አንቀጽ ይኸው ነው። አንቀጽ 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። የደመወዝ ወረቀት የሌለው የቀን ሠራተኛስ? ጉዳቱን በትክክል መተመን ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን አንቀጽ 2102 ይፈቅድለታል። ገቢያችሁን ማስረዳት አትችሉም ተብላችሁ ባዶ እጃችሁን አትመለሱም ማለት ነው።

ይሁንና አንዲት ንዑስ አንቀጽ አለች፣ 2116 ንዑስ 3። ለሕሊና ጉዳት፣ ማለትም ለኀዘኑ፣ ለሕመሙና ለእንባው የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም ትላለች። በወጣችበት ዘመን 1,000 ብር ወደ 400 ዶላር ገደማ ነበር፤ የዋዛ ገንዘብ አይደለም። ዛሬ 10 ዶላር አይሞላም። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፣ ሕገ መንግሥት ተለወጠ፣ ያቺ 1,000 ብር ግን ንቅንቅ አላለችም። ልጇን በመኪና አደጋ ያጣች እናት የእንባዋ ዋጋ ዛሬ አንድ ጥሩ ምሳ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ከብቱን ኋላ ቀር ብለን የምንስቅ ብዙ ነን፤ እኔም ስቄ አውቃለሁ። 31 ከብት ግን በ1984ም ዛሬም 31 ከብት ነው። ገበያው ሲወጣ አብሮ ይወጣል፣ ይወልዳል፣ ይታለባል። ሕግ ውስጥ በብር የተጻፈ ቁጥር ግን በተጻፈበት ቀን መድረቅ ይጀምራል። የዚህ አገር ፓውንድም ያው ነው፤ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ነፃነት ሲታወጅ ዶላር በ3 ፓውንድ ገደማ ነበር፣ ዛሬ በሺዎች ነው።

ወደ መድን ልለፍ፤ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝም ስለዚህ ነው። በአገራችን የሦስተኛ ወገን መድን ለማንኛውም ባለመኪና ግዴታ የሆነው በአዋጅ 559/2000 ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከወጣ 48 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እሱን የተካው አዋጅ 799/2005 ለሞት የሚከፈለውን ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000፣ ለንብረት ደግሞ እስከ 100,000 ብር አደረገው። ቁጥሮቹን ደግማችሁ አንብቧቸው። የተገጨው መኪና ከተገጨው ሰው ይበልጣል! በቅርቡ መጠኑ በደንብ ከፍ እንዲል ተደርጓል፤ ጉዳይ ያላችሁ የአሁኑን ከጠበቃ ጠይቁ። ገጭቶ ላመለጠና መድን ለሌለው መኪና ተጎጂም የመድን ፈንድ ተቋቁሟል፤ ይህን የማያውቅ ዘመድ ስንት እንዳለን ቤት ይቁጠረው።

አገር ቤት ላላችሁ ሁለት ነገር ላስምርበት። አንደኛ፣ የመድን ጣሪያው የኩባንያው ጣሪያ እንጂ የባለመኪናው አይደለም። ጉዳታችሁ ከዚያ ከበለጠ ቀሪውን ከባለንብረቱ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መጠየቅ ትችላላችሁ። የካሳ ሠራተኛው ይህን ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ሁለተኛ፣ የሐኪሞች ቦርድ የጉዳታችሁን መጠን በመቶኛ ሳይወስን "ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም" የሚል ወረቀት አትፈርሙ። የእኔ አክስት ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ፈረመ፤ በስድስተኛው ወር እግሩ እንደማይታጠፍ ተነገረው። ኩባንያው ፊርማውን አሳየው፤ አለቀ። ክስ የሚቀርበውም በ2 ዓመት ውስጥ ነው (አንቀጽ 2143)፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ብቻ ጊዜው ይረዝማል።

የምትከሱበት አገር ዋጋውን እንዴት እንደሚለውጠው ካላመናችሁ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው አውሮፕላን ወድቆ 157 ሰው አለቀ። ቦይንግ በዚሁና ቀደም ሲል በኢንዶኔዥያ በደረሰው አደጋ ለሞቱት 346 ሰዎች ቤተሰቦች ከ50 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ ለእያንዳንዱ 144,500 ዶላር እንዲደርስ አደረገ፤ ይህን ለመቀበል ክስ መተው አያስፈልግም ነበር። ቤተሰቦች ቺካጎ ከሰሱ፣ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ኩባንያው የካሳ ኃላፊነቱን ተቀበለ። አውቶብስ ገደል ገብቶ የሞተውም የእናት ልጅ ነበር፤ ልዩነቱ ማን ገደለውና የት ይከሰሳል የሚለው ነው።

እኛ ስደተኞችስ? የከብቱ ሥርዓት የቆመው በወገን ላይ ነው። ከብት የሚቀበልልህ ጎሳ፣ የሚከራከርልህ አጎት ያስፈልጋል። እኛ እዚህ አጎት የለንም። ያለን ወረቀት ነው። ደቡብ ሱዳን በ2018 (እ.ኤ.አ.) የተቀበለችው የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 16 ስደተኛ በነፃነት ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው ይላል፤ በሚኖርበት አገር የሕግ ድጋፍ በማግኘት ረገድም እንደ ዜጋ ይታያል። "የውጭ ዜጋ ነህና መጀመሪያ ዋስትና አስይዝ" ሊባልም አይገባውም። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ ሕክምና፣ ቀጥሎ ግን ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ፎርም ስምንትን አስሞሉ፤ ያለ እሱ ጉዳታችሁን ማስረዳት ዳገት ነው። የመድኃኒት ደረሰኝ አትጣሉ። የታርጋ ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱ።

ወንድማችን ፖስታውን አልከፈተውም፤ አልመለሰውምም። ሽማግሌዎቹ እሑድ ተመልሰው ይመጣሉ። ከመካከላቸው ትልቁ በር ላይ ሲለየኝ እጄን ይዞ፣ "የእናንተ ሰው ወገን አለው ወይ?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አለው አልኩት። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ጉደሌ፣ መምጣት የምትችሉ ሁሉ ኑ። ነጠላ ያላችሁ ነጠላችሁን ልበሱ፤ ዓረብኛ የምትችሉ ከፊት ተቀመጡ። ደረሰኞቹን እኔ አመጣለሁ።