ዘበኛውን ማን ያሰናብተዋል?

ከጎንደር ተነሥቶ በወገራ ሜዳ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ ዳባትን፣ ቀጥሎ ደባርቅን ያገኛል። ከደባርቅ በኋላ መንገዱ ወደ ሊማሊሞ ገደል ይወርዳል። በዚህ አገር ጥቂት ሳምንታት የከረምሁት ስለ ኮምፒዩተር ለመጻፍ አልነበረም። በ1960ዎቹ ፈንጣጣን ለማጥፋት ዘመቻ ሲካሄድ ልጆች የነበሩ፣ ዛሬ ግን ሽማግሌና ባልቴት የሆኑ ሰዎችን እያነጋገርሁ ድምፃቸውን በስልኬ እቀዳ ነበር። ስልኬ ሲሞላብኝ ቅጂዎቹን በሙሉ ወደ አንዲት ፍላሽ ገለበጥኋቸውና ከስልኩ አጠፋኋቸው። ሁለት ቦታ ማስቀመጥ እንዳለብኝ አጥቼው አይደለም፤ ስንፍና ነው።

ያችኑ ፍላሽ ደብዳቤ ላሳትምባት በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰካኋት። ከዚያም አንድ የቆየ ሰነድ ሊሰጡኝ ቃል ወደገቡልኝ አንድ መሥሪያ ቤት ይዣት ሄድሁ። ጸሐፊዋ ፍላሿን ስትሰካ የኮምፒዩተሩ ጸረ ቫይረስ ቀይ መስኮት ከፍቶ ጮኸ። እሷም ዐይኗን እንኳ ሳታሽ ከገጹ ጥግ ያለችውን ምልክት ተጭና ዘበኛውን አሰናበተችው።

«እህቴ፣ ምን ብሎ ነው የጮኸው?» አልኋት።

«ተወው ወንድሜ፣ ሁልጊዜ ይጮኻል። ይህን ነገር ካላጠፋሁት አንድ ደብዳቤ እስከ ማታም አይወጣልኝ» አለችኝ።

ፍላሿ ውስጥ የነበሩት ማኅደሮች ቀስት የተሳለባቸው ምልክቶች ሆነው ታዩ። አንዱን ጠቅ ስታደርገው ቫይረሱ ወደ መሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ተሻገረ። ትንሽ ቆይቶ የእሷም ሰነዶች መሰወር ጀመሩ። ኮምፒዩተር ያውቃል የተባለ ጎረምሳ ተጠርቶ መጣና «ጥፋቱ የፍላሿ ነው» ብሎ ፍላሿን ፎርማት አደረጋት። ኋላ እንደተረዳሁት ይህ ዓይነቱ ቫይረስ ፋይሎቹን ይደብቃቸዋል እንጂ አይደመስሳቸውም። በሁለት ትእዛዝ ሊገለጡ የሚችሉትን የዘጠኝ ሰዎች ድምፆች የፈጃቸው የእኛው ድንጋጤ ነበር።

ጸሐፊዋን አልወቅሳትም። ማሽኑ ያረጀ፣ ማኅደረ ትውስታው ትንሽ ነው። ዘበኛው ፍተሻ ሲጀምር ሌላው ሥራ ሁሉ ይቆማል። አለቃዋ ደብዳቤውን እስከ ዐሥር ሰዓት ይፈልገዋል። ስለ ጸረ ቫይረሱ የሚጠይቃት ሰው የለም፤ ስለ ደብዳቤው ግን አለ። እንዲህ ባለ ቦታ ማንም ሰው የሚያደርገውን አደረገች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲከነክነኝ የቆየው ሌላ ነው፦ ለመሆኑ ያ ምልክት በእሷ እጅ ለምን ተገኘ?

ነገሩ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1983 ፍሬድ ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ሠርቶ ሲያሳይ «ቫይረስ» የሚለውን ስም ያቀበሉት መምህሩ ሌናርድ አድልማን ነበሩ። ኮኸን ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ቫይረስ ያለ ስሕተት የሚለይ ፕሮግራም ሊኖር እንደማይችል በሒሳብ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1986 የላሆር ነዋሪ የሆኑት ወንድማማቾች ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ «ብሬይን» የተባለውን ቫይረስ በፍሎፒ ዲስክ ለቀቁ፤ ስማቸውንና አድራሻቸውን ሳይቀር ጽፈውበታል። የዚያ ዘመን ቫይረስ ገና ዐይነ አፋር ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ግን ቫይረስ ሠሪዎች ከዘበኛ መሸሽ ትተው ዘበኛውን ራሱን ማሰናበት ተማሩ። ለኔ የዚህ ታሪክ ቁልፍ ምዕራፍ ይህ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1993 ከኤምኤስ ዶስ 6 ጋር ጸረ ቫይረስ አብሮ ሲያቀርብ «ቪሴፍ» የሚባል በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ፕሮግራም ነበረበት። ቪሴፍ «ውጣ» የሚል አንዲት አጭር ትእዛዝ ከደረሰው ማን እንዳዘዘው ሳይጠይቅ ይወጣል። ትእዛዟን ያወቁ ቫይረሶች መጀመሪያ ያንኑ ይልኩና ከዚያ በኋላ ወደ ሥራቸው ይገባሉ። ባለቤቱ እንዲያጠፋው ተብሎ የተተወው በር ለሌባውም ክፍት ነበረ ማለት ነው። ኮምፒዩተር ሰው አያይም፤ የሚያየው ፈቃድ ነው። በጸሐፊዋ ስም የገባ ቫይረስ ለማሽኑ ጸሐፊዋ ራሷ ነው።

በዊንዶውስ 95 እና 98 ዘመን ደግሞ ከኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠ ሁሉ ጌታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዊንዶውስ የአንድ ድርጅት ማሽኖች ሁሉ ከአንድ ማዕከል ሕግ የሚቀበሉበትን ሥርዓት አመጣ። ሥርዓቱ መጣ እንጂ ልማዱ አልተለወጠም፤ ሠራተኛው ሁሉ የአስተዳዳሪነትን ሥልጣን እንደያዘ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ኮንፊከር የተባለው ቫይረስ ሲነሣ የዊንዶውስን እድሳት አጠፋ፣ መከላከያውን አቆመ፣ የጸረ ቫይረስ ድርጅቶችን ድረ ገጾች ዘጋ። አንዱ መተላለፊያው ፍላሽ ነበር። ማይክሮሶፍት ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ የሚነሣበትን አሠራር በቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች ላይ በእድሳት የዘጋው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እኛ አገር ፍላሽ የደብዳቤም የፖስታም ሥራ ይሠራልና ያ ጊዜ አጭር አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ላይ ከመነካካት የሚከላከል መቆለፊያ ጨመረ። ሌሎች ጸረ ቫይረስ ሠሪዎችም ዘበኛውን በይለፍ ቃል መቆለፍ ከጀመሩ ቆይተዋል። መቆለፊያው ከማዕከል በሚመራበት መሥሪያ ቤት ጸሐፊዋ ምልክቱን ብትጫን አይታዘዝላትም። በማሽኑ ላይ አስተዳዳሪ የሆነ ሰው እንኳ መዝገቡን ቢለውጥ ለውጡን አይቀበልም። ሌቦቹም አልተኙም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሮቢንሁድ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም የጊጋባይት ኩባንያ ሕጋዊ ፊርማ ያለበትን፣ ነገር ግን ስሕተት የተገኘበትን አሮጌ አሽከርካሪ ፕሮግራም ይዞ እየገባ ጸረ ቫይረሱን ከሥር ገደለው።

ሰው ለራሱ ደኅንነት ሲባል ሥልጣን ሊወሰድበት ይገባልን? ጥያቄው ከኮምፒዩተር ይቀድማል፤ የጎንደር ሰውም አዲስ አይሆንበትም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ላይ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ ወገራን አቋርጦ ጎንደር ሲገባ ከተማይቱን ፈንጣጣ ይዟት ነበር። በቁስቋም፣ በእቴጌ ምንትዋብ ቤት፣ የታመሙ ልጆች ነበሩ። የአገሩ ልማድ በሽተኛውን በተዘጋ ቤት አስተኝቶ፣ እሳት አንድዶ፣ ደራርቦ ማልበስ ነበር። ብሩስ በሮቹንና መስኮቶቹን አስከፈተ፤ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሞቀ ውሃና በኮምጣጤ አሳጠበ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ኮንፉ ዳነ። ብሩስ ቁልፍ አልነበረውም። መስኮቱ ክፍት እንዲያድር ያደረገው የእቴጌይቱ ቃል ነው። ያለዚያማ አስታማሚዎቹ ብርዱን ፈርተው፣ ለልጁም አዝነው፣ ሌሊቱን ይዘጉት ነበር።

የ1963 ዓ.ም. ዘመቻ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። ከታች ከሕዝቡ የሚቃወም አልጠፋም። ሰዉ የራሱ የቆየ የመከተብ ልማድ ነበረውና የመንግሥትን መርፌ የሚሸሽ ብዙ ነበር፤ በጎጃም ተቃውሞው በተለይ በርትቷል። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ እየዞሩ፣ ከባላባትና ከቄስ ጋር እየተነጋገሩ፣ በሽታው የታየበትን መንደር ዙሪያውን እየከተቡ ቆየ እንጂ አለቀ፤ በ1968 ዓ.ም. ማብቂያ በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ ተገኘ። ክትባት አንድ ጊዜ ክንድ ላይ ካረፈ በማግሥቱ ተመልሶ የሚነቅለው የለም። የኮምፒዩተሩ ዘበኛ ችግር በየዕለቱ መነቀል መቻሉ ነው። ስለዚህ እኔ መቆለፉን እደግፋለሁ።

ድጋፌ ግን ያለ ቅሬታ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳኔት በሳተላይት ወረዳዎችን ከማዕከል ጋር ማገናኘት ሲጀምር የገጠር ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር የብቻው ማሽን መሆኑ ቀረ። በ1999 ዓ.ም. የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ በ2008 ዓ.ም. የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ወጣ። ሕጉም መሥሪያ ቤቱም ተገኘ እንበል። ነገር ግን የተቆለፈ ዘበኛ ስንቁ በየቀኑ የሚላክ እድሳት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚህ መስመር ብቻ ለሚጠቀም ማሽን ያ ማለት ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ የአምናውን ሌባ መልክ ብቻ እያስታወሰ መክረሙ ነው። ኮምፒዩተሩን ያንቀረፍፋል፤ አዲሱን ግን አያውቀውም። ጸሐፊዋ «ምን ይጠቅመኛል?» ብትል መልሱ ከባድ ነው።

ማዕከሉም ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ ለዘበኛው የላከው አንድ የተበላሸ እድሳት፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው፣ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን ጣለ። አውሮፕላኖች ቆሙ፤ ሆስፒታሎች ታጎሉ። ቫይረስ አልነበረም፤ ዘበኛው ራሱ ነው። ቁልፉን ከሠራተኛው የወሰደ መሥሪያ ቤት ዘበኛው ሥራ ሲያስፈታ የሚደወልበት ስልክ ሊኖረው፣ ስልኩም ሊነሣ ይገባዋል። ፍተሻውን በምሳ ሰዓት ማድረግ ይቻላል። ለአሮጌ ማሽን ቀላል ዘበኛ መምረጥም ይቻላል። የደባርቋ ጸሐፊ ይህን ሁሉ ብታገኝ ኖሮ ምልክቱን ፍለጋ ወደ ጥግ ባልሄደች።

የሚጠበቀው ነገር ደግሞ ትንሽ አይደለም። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም በዳባት ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ምርምር ማዕከል አለው፤ በየቤቱ እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገር ለቀቀ እያሉ ይመዘግባሉ። እንዲህ ያለ መዝገብ አንዴ ከጠፋ ሟቹን ማን ተመልሶ ይጠይቀዋል? የኔ ዘጠኝ ድምፆች ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ እዚህ ግባ የሚባሉ አይደሉም። ይሁንና ለኔ ብዙ ነበሩ።

ከወራት በኋላ እንደገና ልቀዳቸው ወደ ዳባት ተመለስሁ። ሰባቱን አገኘኋቸው፤ አንደኛው አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል። ስለ ከታቢዎቹ አመጣጥ ከሁሉ አብልጠው ያጫወቱኝ ሽማግሌ ግን ዐርፈዋል። ባለቤታቸው ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። «እሱ የነገረህን እኔ አላውቀውም፤ እኔ የማውቀው የራሴን ነው» አሉና እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ያለውን ክብ ጠባሳ አሳዩኝ። የዚያን ዕለት ያሉኝን በደብተር ጻፍሁት።