የታዳጊ ቤዝቦል ወርዋሪዎች ሥልጠና በሲያትል

የታዳጊ ቤዝቦል ወርዋሪዎች ሥልጠና ከ7 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ኳስ መወርወር የሚማሩበት፣ ክንዳቸውም ሳይጎዳ እንዲያድግ የሚጠበቅበት ሥራ ነው። በዋሽንግተን ግዛት በምትገኘው ሲያትልና በአካባቢዋ ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ወላጆች ናቸው። ከኃላፊነቶቻቸው ሁሉ የሚከብደው መቁጠር ነው። ልጁ ዛሬ ስንት ኳስ እንደወረወረ፣ ከትናንት በስቲያ ስንት ወርውሮ እንደነበር፣ ስንት ቀን እንዳረፈ ማወቅ አለባቸው።

ወርዋሪው በሜዳው መሀል ከፍ ብሎ በተደለደለ አፈር ላይ ይቆማል። ኳሱን የሚልከው ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ወደሚጠብቀው ቀላቢ ነው። ለአዋቂዎች በመካከላቸው ያለው ርቀት 18.44 ሜትር ሲሆን ሊትል ሊግ በተባለው የልጆች ሊግ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑት 14 ሜትር ነው። ኳሱ ከ142 እስከ 149 ግራም ይመዝናል። ጨዋታው እስኪያልቅ ከቀላቢው በቀር ሌሎቹ ተጫዋቾች ጥቂት ጊዜ ብቻ ሊወረውሩ ይችላሉ፤ ወርዋሪው ግን በሙሉ ኃይሉ ደጋግሞ ይወረውራል።

ከሬኒየር ጎዳና እስከ ዊሊያምስፖርት

ዛሬ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች በብዛት የሚታዩበት የሬኒየር ጎዳና የሲያትል ቤዝቦል የቆየ መንደር ነው። ሲክስ ስታዲየም እ.ኤ.አ. በ1938 የተከፈተው በዚሁ ጎዳና ላይ ነበር፤ በ1979 ፈረሰ። በአቅራቢያው ካለው ፍራንክሊን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣው ፍሬድ ሀቺንሰን ስታዲየሙ በተከፈተበት ዓመት ለሲያትል ሬኒየርስ ቡድን ወርውሮ 25 ጨዋታ አሸነፈ። ከእነዚህ መካከል 19ኛውን ድል ያገኘው 19ኛ ዓመቱን በያዘበት ቀን ነው። ሀቺንሰን በ1964 በካንሰር ከሞተ በኋላ ሐኪም ወንድሙ ያቋቋመው የካንሰር ምርምር ማዕከል በስሙ ተጠራ። ዛሬ በሲያትል ስሙ ከቤዝቦል ይልቅ ከሕክምና ጋር ይነሣል።

ሊትል ሊግ የተመሠረተው በ1939 በፔንሲልቬንያ፣ ዊሊያምስፖርት ነው። በየዓመቱ በነሐሴ አካባቢ የሚካሄደው የዓለም ውድድሩም እዚያው ጎረቤት ከተማ ውስጥ ነው። ከዋሽንግተን ሐይቅ ማዶ ያለችው የከርክላንድ ቡድን በ1982 ፍጻሜ ላይ ታይዋንን 6 ለ 0 አሸነፈ። የወረወረው የ12 ዓመቱ ኮዲ ዌብስተር ነበር፤ ታይዋንም በውድድሩ ለ31 ጨዋታ ሳትሸነፍ የቆየችበት ጉዞ በዚያ ቀን ተቋረጠ። በ2009 የመርሰር አይላንድ፣ በ2023 የሰሜን ምሥራቅ ሲያትል ልጆች አካባቢውን ወክለው እዚያ ደርሰዋል። እንዲህ ያለ ታሪክ ልጆችን ወደ ሜዳ ይስባል። ከዚያው ጋር ወላጆችንና አሰልጣኞችን ያስቸኩላል፤ አደጋው የሚጀምረውም ከችኮላው ነው።

የልጅ ክንድ ለምን ይጎዳል

ሲወረወር ክንድ ወደ ኋላ ይለጠጥና በቅጽበት ወደ ፊት ይወነጨፋል። በዚያች ቅጽበት የክርን ውስጠኛው ጎን በኃይል ይሳባል። በአዋቂ ላይ ጫናው የሚያርፈው በጅማቱ ላይ ነው። በልጅ ላይ ግን ከጅማቱ ይልቅ ደካማ የሆነው አጥንቱ የሚያድግበትና ገና ያልጠነከረው ክፍል ነው። ኃይሉ ሲደጋገም ያ ክፍል ይቆጣል፣ ይሰፋል፣ አንዳንዴም ከዋናው አጥንት ይላቀቃል። ሐኪሞች ይህን ከ1960 ጀምሮ የሊትል ሊግ ክርን እያሉ ይጠሩታል። በትከሻ ላይም ተመሳሳይ ጉዳት ይደርሳል።

አጥንቱ ከጠነከረ በኋላ ተራው የጅማቱ ነው። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 የሎስ አንጀለሱን ወርዋሪ የቶሚ ጆንን የተበጠሰ የክርን ጅማት ከሌላ የሰውነቱ ክፍል በተወሰደ ጅማት ተኩ። ቀዶ ሕክምናው እስከ ዛሬ በበሽተኛው ስም ይጠራል። ያኔ የጎልማሳ ባለሙያ ሕክምና ነበር፤ በኋላ ግን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ወረፋ የሚይዙበት ሆነ።

አላባማ፣ በርሚንግሃም ያለው የአሜሪካ ስፖርት ሕክምና ተቋም ተመራማሪዎች በ2006 ባወጡት ጥናት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 95 ታዳጊ ወርዋሪዎች ካልተጎዱ 45 ጋር አነጻጸሩ። ክንዳቸው ደክሞ እያለ የመወርወር ልማድ የነበራቸው ለቀዶ ሕክምና የመዳረግ ዕድላቸው 36 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በዓመት ከ8 ወር በላይ የወረወሩት ደግሞ 5 እጥፍ ነበሩ። በ2011 የወጣው ሌላ ጥናት 481 ልጆችን ለ10 ዓመት ተከታትሎ በዓመት ከ100 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) በላይ የወረወሩት የመጎዳት ዕድላቸው 3.5 እጥፍ መሆኑን አሳየ። ብዙ ወላጅ የሚፈራው የሚጠማዘዘውን ውርወራ፣ ከርቭቦልን ነው። ጥናቶቹ ግን ጣታቸውን በዋናነት የሚቀስሩት ብዛትና ድካም ላይ ነው።

ቆጠራው

ሊትል ሊግ ለብዙ ዓመታት የሚገድበው ኢኒንግን ነበር። አንድ ኢኒንግ ግን በ8 ኳስም በ40 ኳስም ሊያልቅ ስለሚችል ገደቡ ልጁ በትክክል ስንት እንደወረወረ አይናገርም። ከ2007 ጀምሮ ኳሱ ራሱ ይቆጠራል። በቀን የሚፈቀደው ለ7 እና 8 ዓመት 50፣ ለ9 እና 10 ዓመት 75፣ ለ11 እና 12 ዓመት 85፣ ከ13 እስከ 16 ዓመት 95 ነው። ዕድሜው 14 እና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ከ20 ኳስ በላይ ከወረወረ ቢያንስ አንድ ቀን ያርፋል፤ 66 ከደረሰ ደግሞ አራት ቀን። 41 ኳስ የወረወረ ልጅ በዚያው ቀን ቀላቢ ሆኖ መሰለፍ አይችልም፤ ቀላቢም እያንዳንዱን ኳስ መልሶ ስለሚወረውር ነው።

ደንቡ ያመጣው ትልቅ ጥቅም ብዙም አይነገርለትም። ቡድኑ በአንድ ብርቱ ልጅ ላይ መንጠልጠል ስለማይችል አሰልጣኙ አምስት ስድስት ወርዋሪ ለማፍራት ይገደዳል። ዓይን አፋሩም፣ አጭሩም፣ ዘግይቶ የጀመረውም ዕድል ያገኛል።

ትልቅ ክፍተትም አለው። ቅዳሜ ለሰፈሩ ሊግ የወረወረ ልጅ እሁድ ለሌላ የተመረጠ ቡድን ሲወረውር ሁለቱ አሰልጣኞች ላይነጋገሩ ይችላሉ። ሜጀር ሊግ ቤዝቦልና ዩኤስኤ ቤዝቦል በ2014 ያወጡት ፒች ስማርት የተባለው መመሪያ የሁሉም ቡድኖች ቁጥር አንድ ላይ እንዲደመር ይመክራል። ከ9 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በዓመት ከ80 ኢኒንግ እንዳያልፍና ቢያንስ አራት ወር ከውርወራ እንዲርቅ፣ ከእነዚህም ሁለት ሦስቱ ተከታታይ እንዲሆኑ ይላል። ሁሉንም ጨዋታ የሚያየው ወላጁ ብቻ ስለሆነ ማስታወሻ ደብተሩ በወላጁ እጅ ቢሆን ይመረጣል።

ዝናቡ ያሳርፍ ነበር

ሲያትል ከኦክቶበር እስከ ማርች በዝናብና በጭጋግ ትከርማለች፤ ሐምሌና ነሐሴ፣ አገር ቤት ክረምቱ በሚበረታበት ወቅት፣ እሷ ደረቅ ናት። ቀድሞ ዝናቡ ሜዳውን ሲያጨቀየው ልጆች ጓንታቸውን አስቀምጠው ቅርጫት ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ ክንዳቸውም ያገግማል። አሁን በመጋዘን ውስጥ በተዘረጉ መረቦች ዓመቱን ሙሉ መወርወር ይቻላል። ዝናቡ ያለ ክርክር ይሰጠው የነበረውን እረፍት ዛሬ ወላጅ አስቦበት መስጠት ይኖርበታል።

ከሲያትል በስተደቡብ፣ ኬንት ከተማ ውስጥ ያለው ድራይቭላይን ቤዝቦል ክብደታቸው በተለያየ ኳሶች የውርወራ ፍጥነትን በሚያሳድግ ሥልጠናው በመላ አሜሪካ የታወቀ ሲሆን የሜጀር ሊግ ወርዋሪዎችም ይመጡበታል። ዘዴው ወደ ልጆች ሲወርድ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በሌላ ተቋም ከ13 እስከ 18 ዓመት ባሉ ወርዋሪዎች ላይ ተካሂዶ በ2018 የታተመ ጥናት በስድስት ሳምንት ውስጥ ፍጥነታቸው 3 በመቶ ገደማ እንደጨመረ አሳየ። ክብደታቸው በተለያየ ኳሶች ከሠለጠኑት ውስጥ ደግሞ 24 በመቶው ተጎዱ። ለ12 ዓመት ልጅ ይህ ዋጋ እጅግ ውድ ነው።

ልምምዱ

የጸደይ ልምምድ የሚጀመረው አየሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ስለዚህ ልጆቹ በመጀመሪያ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ትከሻቸውን ያሟሙቃሉ፤ ላብ ካላቸው በኋላ ኳስ ይነሣል። መቀባበሉ ከቅርብ ይጀምርና እየራቀ ይሄዳል። ጥሩ አሰልጣኝ አሥራ ሁለት ልጆችን አሰልፎ አንዱ ሲመታ ሌሎቹን አያስቆምም። በሦስት በአራት ቡድን ከፍሎ አንዱን ከመሬት የሚንከባለል ኳስ ያስይዛል፣ ሌላውን ያስመታል፣ ሌላውን ወደ ቀላቢው ያስወረውራል። በልምምድ የተወረወረውም ስለሚያደክም ይቆጠራል።

የውርወራ ኃይል ከእግር ተነሥቶ በዳሌና በወገብ አልፎ መጨረሻ ላይ ክንድ ይደርሳል። በክንዱ ብቻ የሚወረውር ልጅ ክርኑን ያስጨንቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚስተካከለው አቋሙና እርምጃው ነው፤ ከዚያ ኳሱን ወደታሰበው ቦታ ማድረስ ይመጣል፤ ፍጥነት ኋላ ይደርሳል። ከፋስትቦል (ከፈጣኑ ውርወራ) ቀጥሎ የሚማረው ቼንጅአፕ ነው። ኳሱ ወደ መዳፍ ገባ ተደርጎ ይያዛል፣ ክንዱ በተለመደው ፍጥነት ይወነጨፋል፣ ኳሱ ግን ዘግይቶ ይደርሳል።

ድካም ቁጥሩ ሳይሞላም ይታያል። ክርኑ ዝቅ ይላል፣ ኳሱ ከፍ ከፍ እያለ ያመልጣል፣ ልጁ በውርወራዎቹ መካከል ይዘገያል፣ ትከሻውን ያሻሻል። ቡድኑን ላለማሳዘን ሕመሙን የሚደብቅ ልጅ ብዙ ስለሆነ ዓይን የሚያየውን ማመን ይገባል።

ለወላጆች

በእግር ኳስና በሩጫ ላደገ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ጨዋታው እንግዳ ቢሆንም ኳስ ለመቁጠር ደንቡን ሁሉ ማወቅ አያሻም። በሊትል ሊግ ደንብ መሠረት ክፍያ አለመቻል ልጅን ከመጫወት አያግድም፤ በየዓመቱም በጎ ፈቃደኛ አሰልጣኞች የኋላ ታሪካቸው ይጣራል። ዋሽንግተን በ2009 ያወጣችው የዛክሪ ሊስቴት ሕግ ጭንቅላቱን ተመትቶ የአንጎል መናወጥ የተጠረጠረበትን ልጅ ወዲያው ከጨዋታ ያስወጣል፤ ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያ በጽሑፍ ሳይፈቅድም አይመለስም።

ለክንድ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። የክርኑ ውስጠኛ ጎን ሲነካ የሚያመው፣ ክንዱን እስከ መጨረሻው መዘርጋት ያቃተው ወይም በማግሥቱም ሕመሙ ያልለቀቀው ልጅ ውርወራ አቁሞ ሐኪም ማየት አለበት። የሲያትል የሕፃናት ሆስፒታል የስፖርት ሕክምና ክፍል አለው፤ ወላጁም በነጻ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። የሊትል ሊግ ክርን በጊዜ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በሳምንታት እረፍት ይድናል። ከዚያ በኋላ ልጁ በአጭር ርቀትና በቀላል ውርወራ ይጀምራል፤ ርቀቱና ብዛቱ ሕመም እስካልተመለሰ ድረስ ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ወደ ወርዋሪው ቦታ የሚመለሰውም በመጨረሻ ነው።