ስለ «ዜሮ ዕውቀት ማረጋገጫ»

ሻፊ ጎልድዋሰር፣ ሲልቪዮ ሚካሊና ቻርልስ ራኮፍ የተባሉ ሊቃውንት በ1985 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት የመሠረቱት፣ ምሥጢርን ሳይገልጡ የቃልን እውነተኛነት የማረጋገጥ የምሥጢር ጽሕፈት ጥበብ፣ ወደ ቋንቋችን ሲገባ «የዜሮ ዕውቀት ማረጋገጫ» እየተባለ ቃል በቃል መተርጎሙ ያሳዝነኛል፤ ስሙን የሚሰማ ሁሉ አንድ ሰው ምንም አለማወቁ የሚመሰከርበት ወረቀት ይመስለዋልና። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ ባለ ምሥጢሩ ምሥጢሩን ጠንቅቆ ያውቃል፣ ባዶ የሆነው ከቃሉ እውነተኛነት በቀር ለጠያቂው የሚተርፈው ዕውቀት ነው። ለምሳሌ ቀይና አረንጓዴ ለማይለይ ወዳጃችን አንዱ ቀይ አንዱ አረንጓዴ የሆኑ፣ በቀለም ብቻ የሚለያዩ ሁለት ኳሶች ሰጥተነው፣ እርሱም ከጀርባው ሰውሮ እንደ ፈቃዱ አንዴ እያቀያየረ አንዴም እንዳሉ እየተወ ቢያሳየን፣ እኛም ያደረገውን በየጊዜው ሳንስት ብንነግረው፣ በግምት ብቻ 20 ጊዜ በተከታታይ ማግኘት ከሚሊዮን አንድ ያህል ዕድል ብቻ ስላለው፣ ኳሶቹ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ያምናል፤ ቀዩ የትኛው እንደ ሆነ ግን አያውቅም። «ዜሮ» የሚለው ቃል ባዶ ማለት ከሆነው ከዐረብኛው «ሲፍር» የተገኘ ሲሆን፣ ፈረንጆች የምሥጢር ጽሕፈትን የሚጠሩበት «ሳይፈር» ከዚያው ምንጭ መቀዳቱ እጅግ ይደንቀኛል። በ«ማረጋገጫ» ፈንታ «ማስረጃ» ማለትን ግን አልወድም፤ ከ«ተረዳ» ጋር አንድ ዘር ስለ ሆነ ነገሩን ገልጦ ማሳየትን ይጠራል። ስለዚህ ለዕለት ንግግር «ምሥጢር ጠባቂ ማረጋገጫ»፣ ግእዝ ለሚቀናቸው ጸሐፊዎችም «ዘእንበለ ከሢት» የሚለው ቅጽል እንዲጨመርለት አሳስባለሁ፤ «ከሠተ» ገለጠ ማለት ነውና፣ የጥበቡ ጠባይ በዚህ ግሥ ከ«ዜሮ» ይልቅ በትክክል ይነገራል።