አዲስ አበባን በሥፍራዋ ያጸና ዛፍ

ዛፍ ለከተማ ሕዝብ የሚሰጠውን ጥቅም ለማወቅ የምንሻ ሁሉ፥ የዋና ከተማችንን የአዲስ አበባን ታሪክ ብንመረምር በቂ ማስረጃ እናገኛለን።

በቀድሞ ዘመን ብዙዎቹ የነገሥታት ሰፈሮች ቋሚ አልነበሩም። ሠራዊቱ በሰፈረበት አገር ያለውን ጥድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ይቈርጠዋል፤ እንጨቱ ሲያልቅም ሰፈሩ ይነሣል። በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አጠገብ የተቈረቈረችው አዲስ አበባም ይኸው ዕጣ ሊደርስባት ተቃርቦ ነበር። ሕዝቡ እየበዛ በሄደ ቍጥር የእንጦጦ ተራራ ተራቈተ፤ እንጨትም ከሩቅ ይመጣ ጀመር። ስለዚህ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ፥ ከከተማዪቱ በስተምዕራብ አዲስ ዓለም በተባለው ሥፍራ ሌላ ከተማ አስጀመሩ።

ነገር ግን በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባ አንድ እንግዳ ዛፍ ነበር። የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ሲሆን፥ ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። ጥድ እስኪደርስ የሰው ዕድሜ ሲፈጅ፥ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለቤት ማገር ይደርሳል፤ ቢቈረጥም ከጉቶው መልሶ ያቈጠቍጣል፤ ከብትም ቅጠሉን አይበላውም። ንጉሠ ነገሥቱ እንዲተከል ስላበረታቱ መኳንንቱም ሕዝቡም በየግቢው ተከሉት። ዋና ከተማውም ሳይዛወር ቀረ፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ባሕር ዛፍ ለከተማው ሕዝብ ቤት፥ አጥር፥ ማገዶና ጥላ ሆኖ ኖሯል። ጉንፋን የያዘው ሰው ቅጠሉን አፍልቶ ይታጠንበታል። ሆኖም ዋጋ ሳያስከፍል አልቀረም። ብዙ እናቶችና እኅቶች ከእንጦጦ ቍልቍለት ከባድ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው፥ ልጆቻቸውን በዚያ አሳድገዋል። ደግሞም ባሕር ዛፍ ውሃ አብዝቶ ስለሚጠጣና ከሥሩ ሌላ ተክል እምብዛም ስለማይበቅል፥ የክረምት ዝናብ የተራራውን አፈር ጠርጎ ይወስዳል። ወይራ፥ ኮሶ፥ ጥድና ዝግባ ግን ከሥራቸው ሣርና ቍጥቋጦ ያበቅላሉ፤ አፈሩንም ይይዛሉ።

በ2013 ዓ.ም. በእንጦጦ ላይ የተከፈተው መናፈሻ የከተማው ሰው ከጭስና ከጩኸት ርቆ ንጹሕ አየር የሚያገኝበት ሥፍራ ነው። በዚያ የሚንሸራሸር ሁሉ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው የተከሉትን ሰዎች ማመስገን ይገባዋል።

አባቶቻችን ችግር ስላስጨነቃቸው ቶሎ የሚደርሰውን ዛፍ ተከሉ፤ ከተማዪቱንም አጸኑ። እኛ ደግሞ በጊዜያችን ጥላውን ባናይ እንኳ፥ ቀስ ብሎ የሚያድገውን ያገራችንን ዛፍ ብንተከልና ብንንከባከብ፥ የተቀበልነውን ውለታ ለልጅ ልጆቻችን እንከፍላለን።