ነርሷ ስለ ቤተሰብዎ ለምን ትጠይቃለች?

ታመው ሐኪም ቤት ሲተኙ ነርሷ ወረቀት አውጥታ «ቤተሰብዎ እነማን ናቸው?» ብትልዎ የኢሚግሬሽን ምርመራ አይምሰልዎ። ጥያቄው ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የዚችው የካልጋሪ ነው።

የነርሶች ጥናት በአመዛኙ የሚያተኩረው አልጋ ላይ በተኛው ሰው ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ግን ሎሬን ራይት የተባሉ ምሁር በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ነርሲንግ ክፍል አቋቋሙ። በ1984 ከሞሪን ሌሂ ጋር ሆነው መጽሐፍ አሳተሙ። መነሻቸው፣ ቤተሰብ አንዱ ሲነካ ሁሉም የሚናወጥበት አንድ አካል ነው የሚል ንድፈ ሐሳብ ነበር። ማስታመም ለሚያውቅ ለእኛ ሰው ይህ ምኑ አዲስ ነው? ይበሉ እንጂ፣ ንድፈ ሐሳብ ለተመራማሪው ምን እንደሚጠይቅ ይወስንለታል፤ ያልተጠየቀ ደግሞ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ቤተሰብ ማለት አባት፣ እናትና ልጅ ብቻ ነው ብሎ የተነሣ ጥናት ያሳደጉዎትን አክስት ከየት ያገኛቸዋል? እነራይት ግን፣ ቤተሰብ ማለት ሰዎቹ ራሳቸው ቤተሰባችን ነው የሚሉት ነው አሉ። የዘር ሐረጉን በሥዕል ያሰፍራሉ፤ ከቤት ውጭ ያለውንም ትስስር በክብና በመስመር ያሳያሉ። ዕድርም ብትሆን እዚያ ላይ ቦታ አታጣም።

ክፍሉ በ2007 ተዘግቷል፤ ዘዴው ግን በልዩ ልዩ አገሮች ይሠራበታል። እንግዲህ ነርሷ ስትጠይቅዎ አዲስ አበባ ያሉትን አክስትዎንም ያስመዝግቡ።